የልጆች ተከታታይ ምናባዊ መጽሐፍን ወደ አኒሜሽን ፊልም መቀየር፦ ዝርዝር መመሪያ

ፒያሳና አራት ኪሎ ካፌዎች ውስጥ ይህ ወሬ አይጠፋም፤ "የልጆች መጽሐፍ ወደ አኒሜሽን እየቀየርን ነው።" ከዚያ የአርባ ሰከንድ ማስታወቂያ ይለቀቃል። ላይክ ይጎርፋል። ፊልሙ ግን አይመጣም። አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ የችሎታ ማነስ አይደለም። ቆንጆው ሥዕል ከሁሉም በፊት ስለሚሳል ነው። እዚህ ቅደም ተከተሉ የተገላቢጦሽ ነው። ሙሉውን ፊልም መጀመሪያ በአስቀያሚ ሥዕል ጨርሱ፤ ማስዋቡ ከዚያ በኋላ ይመጣል።

ለምሳሌ ያህል የኦዝን ተከታታይ እጠቀማለሁ፤ ታሪኩ የሚጀምረው ዶሮቲ የምትባል ልጅ ከአሜሪካዋ ካንሳስ ኦዝ ወደሚባል የአስማት አገር ስትገባ ነው። አሜሪካዊው ኤል. ፍራንክ ባውም የጻፋቸው 14 መጻሕፍት ናቸው፤ የመጀመሪያው በ1900፣ የመጨረሻው በ1920 እ.ኤ.አ. ታተሙ። የመረጥኩት የመብት ጣጣው ቀላል ስለሆነ ነው።

ከመጀመራችሁ በፊት

አንድ ጸሐፊ፣ አንድ ሠዓሊ፣ አንድ አኒሜተር፣ አንድ የድምፅ ሰው ያስፈልጋል። አንድ ሰው ሁለቱን ደርቦ ቢይዝ ችግር የለውም። ውሳኔ የሚሰጠው ግን አንድ ሰው ብቻ ይሁን፤ ማን እንደሆነም ከመጀመሪያው ቀን ይታወቅ።

ሶፍትዌር ላይ ገንዘብ አታፍስሱ። የሥዕልና የአኒሜሽን ፕሮግራሞቹ ብሌንደር፣ ክሪታና ኦፕንቱንዝ ነፃ ናቸው፤ ለዚህ ሥራ ይበቃሉ። ክራክ የተደረገ ፕሮግራም ዛሬ ይሠራል። ነገ የውጭ አከፋፋይ "በምን ሠራችሁት?" ብሎ ሲጠይቅ ግን መልስ የላችሁም።

መብራት ሲሄድ ኮምፒውተሩን ለጥቂት ጊዜ የሚያቆይ ዩፒኤስ ግዙ። ሁለት ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክም ይኑራችሁ፤ አንዱ ሁልጊዜ ሌላ ሰው ቤት ይደር።

ርዝመቱን አሁኑኑ ወስኑ። ሂሳቡ ይህ ነው፦ ፊልም በሰከንድ 24 ፍሬም (ነጠላ ምስል) ነው። አንዱን ሥዕል ለሁለት ፍሬም ካቆያችሁት በሰከንድ 12 ሥዕል ይሆናል። የ70 ደቂቃ ፊልም 50,400 ሥዕል ይፈልጋል፤ የ20 ደቂቃ ደግሞ 14,400። አንድ አኒሜተር በቀን 5 ሰከንድ ቢጨርስ ሃያው ደቂቃ ብቻ 240 የሥራ ቀን ይወስድበታል። ስለዚህ በሃያ ደቂቃ ጀምሩ። ሰባ ደቂቃ የሚለውን ሰው ይህን ሂሳብ አሳዩት።

ደረጃ 1፦ መብቱን አጣሩ

ይህን የዘለለ ቡድን ሥራው ሁሉ አሸዋ ላይ ነው።

1. ደራሲው የሞተበትን ዓመት ፈልጉ። በእኛ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ጥበቃው ደራሲው በሕይወት እስካለና ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ነው። ባውም የሞተው በ1919 እ.ኤ.አ. ነው፤ ጊዜው ካለፈ ቆይቷል። ስታሰሉ የዘመን አቆጣጠሩን አትደባልቁ። በእኛና በፈረንጆቹ መካከል ያለው የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልዩነት መልሱን ሊገለብጠው ይችላል።

2. ፊልሙ የት እንደሚታይ አስቡ። ብዙ አገሮች፣ የአውሮፓ ኅብረትን ጨምሮ፣ የሚቆጥሩት 70 ዓመት ነው። በ1963 እ.ኤ.አ. የሞተ ደራሲ በ50 ዓመት ሂሳብ ነፃ ይሆናል፤ በ70 ሂሳብ ግን እስከ 2033 መጨረሻ ጥበቃ ላይ ነው። ዩቲዩብ ላይ ከጫናችሁት ሁሉም ጋ ይደርሳል፤ ስለዚህ ጠንካራውን ሂሳብ ያዙ። አሜሪካ ውስጥ ለቆዩ መጻሕፍት የሚቆጠረው ከታተሙበት ዓመት ጀምሮ እስከ 95 ዓመት ነው። አሥራ አራቱም የባውም መጻሕፍት ይህንንም አልፈዋል።

3. መጽሐፉንና ከመጽሐፉ የተሠራውን ፊልም ለዩ። ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው። ሰው ሁሉ የሚያውቀው የዶሮቲ ቀይ የሩቢ ጫማ ከ1939ኙ ፊልም የመጣ ነው። መጽሐፉ ውስጥ ጫማው የብር ነው። አረንጓዴ ፊት ያላት ጠንቋይም የፊልሙ ናት፤ የመጽሐፉ ጠንቋይ አንድ ዓይና ናት። መጽሐፉ ነፃ ነው ማለት ፊልሙ ነፃ ነው ማለት አይደለም። ሠዓሊያችሁ ሥራው እስኪያልቅ ድረስ የድሮውን ፊልም እንዳያይ አድርጉ።

4. ከአማርኛ ትርጉም አትቅዱ። ዋናው ድርሰት ነፃ ቢሆንም ትርጉሙ የተርጓሚው ሥራ ነው። ወይ አስፈቅዱ፣ ወይ ከዋናው ራሳችሁ ተርጉሙ።

5. መጽሐፉ ጥበቃ ላይ ከሆነ በጽሑፍ ጠይቁ። አሳታሚው ብዙውን ጊዜ የፊልም መብት የለውም፤ የትኛው ወኪል ወይም የትኞቹ ወራሾች እንደያዙት ይነግራችኋል። ሙሉውን መብት ለመግዛት ገንዘብ ከሌላችሁ ለተወሰነ ጊዜ ብቻ መብቱን የሚያቆይላችሁ የኦፕሽን ውል ጠይቁ። ውሉ ላይ ስንት መጽሐፍ፣ በየትኛው ቋንቋ፣ ለየትኛው አገርና "አኒሜሽን" የሚለው ቃል በግልጽ ይጻፍ። ሁለተኛውንና ሦስተኛውን መጽሐፍ ያላካተተ ውል አትፈርሙ። የመጀመሪያው ፊልም ሲሳካ ዋጋው ይቆለላል።

6. የኢትዮጵያዊ ደራሲ ሥራ ከሆነና ደራሲው በሕይወት ከሌለ የወራሽነት ማስረጃውን እዩ። ወራሾች በሙሉ ይፈርሙ። ታላቅ ልጁ "እኔ እበቃለሁ፤ እህት ወንድሞቼ ምንም አይሉም" ቢላችሁም አትቀበሉ። ውሉን ውልና ማስረጃ ወስዳችሁ አጽድቁት።

*ቢበላሽስ?* ሁለት ጊዜ ጽፋችሁ መልስ ካጣችሁ ሌላ መጽሐፍ ምረጡ። ዝምታ ፈቃድ አይደለም። "እስከዚያው እንጀምር" የሚለውን ሐሳብም እዚያው ግደሉት።

ደረጃ 2፦ ተከታታዩን በሙሉ አንብቡ

አንደኛውን መጽሐፍ ብቻ አንብባችሁ ስክሪፕት አትጻፉ። የኦዝ ሁለተኛ መጽሐፍ ውስጥ ዶሮቲ የለችም። ዋናው ገጸ ባሕርይ ቲፕ የሚባል ልጅ ነው፤ እሱም መጨረሻ ላይ በአስማት የተለወጠች ልዕልት ሆኖ ይገኛል። አንደኛውን ፊልም በዶሮቲ ፊት ብቻ የሸጠ ቡድን ሁለተኛው ላይ ባዶ እጁን ይቀራል። መፍትሔው ተመልካቹ ኦዝን እንደ አገር እንዲወደው ማድረግ ነው። ቦታውን፣ ቀለሙን፣ አብረው የሚቀጥሉትን የወፍ ማስፈራሪያውንና የቆርቆሮውን ሰው አጉሉ።

ስታነቡ አንድ መዝገብ ያዙ፦

- ገጸ ባሕርይው መቼ ይመጣል፣ መቼ ይጠፋል፣ በኋላ ይመለሳል ወይ?
- የአስማቱ ሕግ ምንድን ነው? የብር ጫማው ዶሮቲን ወደ ቤቷ ሲወስዳት በረሃው ላይ ወድቆ ይጠፋል። ሁለተኛው ፊልም ላይ ብታመጡት ልጆቹ ይይዟችኋል።
- የቦታው ቀለም ምንድን ነው? ባውም ይህን አዘጋጅቶ ሰጥቷችኋል። ካንሳስ ግራጫ ናት፤ ከኦዝ ሕዝቦች መንችኪኖች ሰማያዊ፣ ዊንኪዎች ቢጫ፣ ኳድሊንጎች ቀይ ናቸው።

አንድ ገጸ ባሕርይ ከመቁረጣችሁ በፊት መዝገቡን እዩ።

ደረጃ 3፦ ስክሪፕቱን ጻፉ

1. ልጁ ወይም ልጅቷ ምን እንደሚፈልጉ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ። ዶሮቲ ወደ ቤቷ መመለስ ትፈልጋለች። ይህን የማይነካ ትዕይንት ይውጣ። ጠንቋዩ በባሉን ከሄደ በኋላ መጽሐፉ ውስጥ የሸክላ ሰዎች አገርና ሌሎች የመንገድ ገጠመኞች አሉ። ለማንበብ ደስ ይላሉ። ለሃያ ደቂቃ ፊልም ግን ሸክም ናቸው። ቁረጧቸው።

2. ብዙ ሕዝብ ያለበትን ትዕይንት አሳንሱ። የሚበሩት ዝንጀሮዎች መንጋ በገጽ ላይ አንድ መስመር ነው፤ በአኒሜሽን ግን የአንድ ወር ሥራ ሊሆን ይችላል። ሦስቱን በደንብ ሳሉ፤ የቀሩት ጥላ ይሁኑ።

3. ጭካኔውን አስተካክሉ። መጽሐፉ ውስጥ የቆርቆሮው ሰው 40 ተኩላ በመጥረቢያ ይገድላል፤ ማስፈራሪያው ደግሞ የ40 ቁራ አንገት ይጠመዝዛል። ሲነበብ ያልፋል፣ ሲታይ አያልፍም። ድምፁን አሰሙና ካሜራውን የዶሮቲ ፊት ላይ አቁሙት።

4. ማን ማንን "እርስዎ" እንደሚል አስቀድማችሁ ወስኑ። እንግሊዝኛው ይህን አይነግራችሁም። ዶሮቲ አክስቷን እንዴት ትጠራለች? አስፈሪውን የኦዝ ጠንቋይ "አንተ" የምትል ልጅ የኛን አገር ተመልካች ታስቃለች። ደግሞ ትልቅ ዕድልም አለው፤ ጠንቋዩ አታላይ ተራ ሰው መሆኑ ሲጋለጥ ከጓደኞቿ አንዱ "አንተ" ይበለው። አዳራሹ ያለ ማብራሪያ ይገባዋል።

5. ተራኪ አታብዙ። "ተረት ተረት፣ የላም በረት" ብሎ መክፈት ይቻላል። ከዚያ በኋላ ግን ተራኪው ይውጣ። ተራኪ የሚወደደው ሥዕል ስለሚቆጥብ ነው፤ ውጤቱም ሥዕል ያለው ሬዲዮ ነው።

6. ቦታውን ግማሽ በግማሽ አታድርጉ። ወይ ካንሳስን ካንሳስ አድርጉት፣ ወይ ታሪኩን በሙሉ ወደዚህ አምጡት። ዶሮቲን የሐበሻ ቀሚስ አልብሶ ካንሳስ ማስቀመጥ ሁለቱንም ያበላሻል።

*ቢበላሽስ?* ስክሪፕቱ ከረዘመ ከየትዕይንቱ አንድ አንድ መስመር አትልቀሙ። ሙሉ ትዕይንት አውጡ።

ደረጃ 4፦ ድምፁን ከሥዕሉ በፊት ቅረጹ

አፉን የምትስሉት ድምፁን ሰምታችሁ ነው። ቀድሞ ተስሎ በኋላ የሚቀረጽ ድምፅ ተዋናዩን ያስረዋል።

መሃል አዲስ አበባ ውስጥ ትልቁ ጠላት ጫጫታ ነው። ስቱዲዮ መከራየት ካልቻላችሁ መስኮት የሌለው ወይም አንድ መስኮት ብቻ ያለው ክፍል ፈልጉ፤ ግድግዳውን በብርድ ልብስና በጋቢ ሸፍኑ። ከመቅረጻችሁ በፊት በዚያው ሰዓት ክፍሉ ውስጥ ቁጭ ብላችሁ አዳምጡ። የአዛን ሰዓት፣ የጠዋት ቅዳሴ ድምፅ ማጉያ፣ የጎረቤት ግንባታና የታክሲ ረዳት ጥሪ ሁሉ ይገባል። ጣሪያው ቆርቆሮ ከሆነ ሐምሌና ነሐሴን እርሱት። ዝናቡን ከንግግሩ ላይ የሚያነሳ ሶፍትዌር ድምፁንም አብሮ ይበላዋል።

1. በ48 ኪሎኸርዝ፣ 24 ቢት፣ ዌቭ ፋይል ቅረጹ። ኤምፒስሪ አይሁን።
2. ስልኮች ከክፍሉ ይውጡ። ሳይለንት ማድረግ አይበቃም።
3. ማንም ሳይናገር የክፍሉን ዝምታ ለግማሽ ደቂቃ ቅረጹ። ቅንብር ላይ ክፍተት ትሞሉበታላችሁ።
4. እያንዳንዱን መስመር ቢያንስ ሦስት ጊዜ አስብሉ።
5. የፋይል ስም በላቲን ፊደልና በቁጥር ይሁን። በፊደላችን የተሰየመ ፋይል አንዳንድ ፕሮግራም ላይ አልከፍት ይላል።

የልጅ ሚና ልጅ ይጫወተው። አዋቂ ድምፁን አቅጥኖ ሲያወራ ልጆች ወዲያው ያውቁበታል። ቅዳሜ ከሰዓት ቅረጹ፤ ከሁለት ሰዓት በላይ አታቆዩ፤ ወላጅ በጽሑፍ ይፍቀድ፤ ወላጁ ደግሞ ከመቅረጫ ክፍሉ ውጭ ይጠብቅ። እናት ፊት የሚተውን ልጅ እናቱን እያየ ነው። ተከታታይ ስለምትሠሩ የወንዶቹን ዕድሜ አስቡበት። የ13 ዓመት ልጅ ሁለተኛው ፊልም ሲደርስ ድምፁ ወፍሯል። ወይ ትንሽ ልጅ ምረጡ፣ ወይ የሚቀጥለውን ፊልም መስመሮች አብራችሁ ቅረጹ።

ደረጃ 5፦ አስቀያሚውን ፊልም ጨርሱ

የመመሪያው እምብርት ይህ ነው። ስሙ አኒማቲክ ይባላል። ስቶሪቦርዱን፣ ማለትም ትዕይንቶቹን በተራ የሚያሳዩትን ሥዕሎች፣ በእርሳስ ሳሉት፤ ሰዎቹ በቀጫጭን መስመር ብቻ ቢሳሉም ይበቃል። ፎቶ አንስታችሁ ድምፁ ላይ ደርድሩት። ከመጀመሪያው ሰከንድ እስከ መጨረሻው የሚታይ ፊልም ይሁን። እዚህ ደረጃ ላይ አንድ ሥዕል ቢያምር ራሱ አደጋ ነው፤ ካማረ በኋላ መቁረጥ ያሳዝናል።

1. የፍሬም ፍጥነቱን ወስኑ። ለሲኒማ 24፣ ለቴሌቪዥን 25 ነው። በ24 ሠርታችሁ በ25 ብታጫውቱት ፊልሙ 4 ከመቶ ያህል ይፈጥናል፤ ድምፁም ይቀጥናል።
2. አምስት ስድስት ልጆች ሰብስቡና አሳዩ። የቡድኑ ዘመዶች አይሁኑ።
3. ስክሪኑን ተዉት፣ ልጆቹን እዩ። ፊታቸውን ያዞሩበትን ደቂቃና ሰከንድ ጻፉ።
4. "ወደዳችሁት?" ብላችሁ አትጠይቁ፤ ሁሉም አዎ ይላል። "ምን ሆነ? ንገሩኝ" በሉ። የዘለሉት ቦታ ያልገባቸው ቦታ ነው።
5. አስተካክሉና ለሌሎች ልጆች አሳዩ።

*ቢበላሽስ?* ልጆቹ እርሳሱ ላይ ከሰለቹ ቀለም አያድናችሁም። ወደ ደረጃ 3 ተመለሱ። እዚህ ማፍረስ ወረቀት መቅደድ ነው፤ ከሦስት ወር በኋላ ማፍረስ ግን ቡድኑን መበተን ነው።

ደረጃ 6፦ ዲዛይን

አሁን ቆንጆውን ሳሉ። እያንዳንዱ ገጸ ባሕርይ በጥቁር ጥላ ብቻ ሲታይ መለየት አለበት። ከፊት፣ ከጎንና ከኋላ ሳሉት፤ ሁሉንም ጎን ለጎን አቁማችሁ ቁመታቸውን ለኩ።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ጥበብ ያለው ቀሚስና ቀጭን ሹሩባ ለፖስተር ያምራሉ። በሚንቀሳቀስ ሥዕል ግን መስመሩ በየፍሬሙ ይንቀጠቀጣል፣ አኒሜተሩም ያለቅሳል። ጥበቡን ሁለት ወፍራም መስመር አድርጉት፤ ሹሩባውን አራት ወይም አምስት ጉንጉን።

በመጽሐፉ የኤመራልድ ከተማ አረንጓዴ የሚመስለው ሰው ሁሉ አረንጓዴ መነጽር ስለሚያደርግ ነው። ይህ ለበጀታችሁ ስጦታ ነው። ከተማውን በተራ ቀለም ሠርታችሁ ከላይ አንድ አረንጓዴ ሌየር (ተደራቢ ንብርብር) አልብሱት። መነጽሩ ሲወልቅ ሌየሩን አጥፉ።

ደረጃ 7፦ ማንቀሳቀስና አፍ ማግጠም

ከቀላሉ ሾት (ሳይቆረጥ ከሚታይ አንድ ቁራጭ) ጀምሩ፤ ከመክፈቻው አይደለም። ፊልሙ መሃል ላይ ያለ፣ ሁለት ሰው ቆሞ የሚያወራበት ሾት ይሻላል። ቡድኑ እጁን ሲያፍታታ የሚሠራው ደካማ ሥራ መጀመሪያ ላይ እንዳይታይ ነው።

ከኢንተርኔት የምታወርዱት የአፍ ሠንጠረዥ ለእንግሊዝኛ የተሠራ ነው። የራሳችሁን ከፊደል ገበታው ሥሩ። ስምንት አፍ ይበቃል፦

- ግዕዝ፦ ግማሽ የተከፈተ
- ካዕብ፦ ጠቦ የሞጠሞጠ
- ሣልስና ኃምስ፦ ወደ ጎን የተለጠጠ
- ራብዕ፦ በሰፊው የተከፈተ
- ሳድስ፦ ሊዘጋ የቀረበ
- ሳብዕ፦ ክብ
- መ፣ በ፣ ፐ፣ ጰ፦ የተዘጋ
- ፈ፣ ቨ፦ የላይ ጥርስ በታች ከንፈር ላይ

አፉ ከድምፁ አንድ ወይም ሁለት ፍሬም ቀድሞ ይከፈት። ፊደሉ ጠብቆ ሲነበብ፣ በተለይ መ እና በ፣ የተዘጋውን አፍ ሁለት ፍሬም አቆዩት። ሳድስ ሁሉ አፍ አያስፈልገውም፤ እያንዳንዱን ከሳላችሁ አፉ የሚያኝክ ይመስላል። ራስ ሰር ማግጠሚያ ከፈለጋችሁ ነፃው ራባርብ ከእንግሊዝኛ ውጭ ላሉ ቋንቋዎች "ፎኔቲክ" የሚባል ምርጫ አለው። ረቂቁን እሱ ይሥራ፣ እናንተ አርሙት።

ደረጃ 8፦ ሬንደር

ሬንደር ማለት ኮምፒውተሩ የሠራችሁትን ወደ መጨረሻው ምስል ሲቀይር ነው። በቀጥታ ወደ ቪዲዮ ፋይል ሬንደር አታድርጉ። መብራት ሲሄድ ሙሉው ፋይል ይበላሻል። በፒኤንጂ ሥዕሎች ተራ በተራ አውጡ፤ የሚጠፋው ያኔ እየተሠራ ያለው ፍሬም ብቻ ይሆናል።

ብሌንደር ላይ የውጤት ቅንብሩን ክፈቱ። "ኦቨርራይት" የሚለውን አጥፉ፣ "ፕሌስሆልደርስ" የሚለውን አብሩ። መብራት ሲመለስ ከቆመበት ይቀጥላል። ከመቀጠላችሁ በፊት ግን ፎልደሩን በመጠን ደርድሩና ዜሮ ባይት የሆነውን ፋይል ሰርዙ። ካልሰረዛችሁት ብሌንደር እንዳለቀ ቆጥሮ ያልፈዋል፤ ፊልሙ መሃል ላይ ክፍተት ይቀራል።

ደረጃ 9፦ ሙዚቃ፣ ጽሑፍና አዳራሽ

ሙዚቃ አስደርሱ። የሕዝብ ዜማ ቢሆንም የተቀረጸው ካሴት ወይም ሲዲ ባለቤት አለው። ዜማውን በራሳችሁ ተጫዋች አስቀርጹ፤ በጽሑፍም ተስማሙ።

ለርዕስና ለስም ዝርዝር እንደ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ወይም አቢሲኒካ ያለ በነፃ ፈቃድ የሚሰጥ ፎንት ምረጡ። ጽሑፉን ወደ ሥዕል ቀይራችሁ አስገቡት፤ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ባዶ ሳጥን እንዳይሆን።

ፊልሙ አዳራሽ ከገባ አዳራሹ የሚቀበለውን የፋይል ዓይነት ቀድማችሁ ጠይቁ። ከምርቃቱ በፊት ባለው ቀን ሄዳችሁ አምስት ደቂቃ አጫውቱ። አንዱ ከመጨረሻው ወንበር ተቀምጦ ንግግሩ ይሰማ እንደሆነ ያዳምጥ። ጨለማ ትዕይንቶች በአዳራሹ ፕሮጀክተር ይበልጥ ስለሚጨልሙ የሌሊት ትዕይንቶቹን አንድ ደረጃ አብርታችሁ የተዘጋጀ ቅጂ አብራችሁ ያዙ።

ቡድኑ ከመበተኑ በፊት የፕሮጀክት ፋይሎቹን፣ ፎንቶቹን፣ ያልተቆረጠውን ድምፅና የደረጃ 2ን መዝገብ ሁለቱም ሃርድ ዲስክ ላይ ጫኑ። የትኛው ፋይል የመጨረሻው እንደሆነ በአንድ ወረቀት ጻፉ። የሁለተኛውን ፊልም የድምፅ ውል ከልጆቹ ወላጆች ጋር በዚያው ሳምንት ተፈራረሙ።